በሚስቱ ስልክ

የአሰላ ነጋዴዎች የገብስ ዋጋ በሚልኩበት፣ ገበሬዎችም አይተው በሚሸጡበት የቴሌግራም ቦት ላይ "ሠሪውን ያነጋግሩ" የሚል ቁልፍ ብቅ ሲል፣ ነጋዴው ይበልጣል ነገሩ አልጣመውም። ስሙን ደብቆ በነጻ ሲያገለግል የከረመ ሰው ዛሬ ደውሉልኝ ካለ አንድ ነገር ፈልጎ ነው፤ ደላላ ሳይሆን አይቀርም። እንዳይታወቅበት በሚስቱ ስልክ ደወለ።

"ሰኪና ነኝ፣ የኦጎልቾ ገበሬ ልጅ" አለች ያነሳችው ሴት። "ማን ልበል?"

"ገበሬ ነኝ፤ ከኢተያ። ለማን ብለሽ ነው የምትደክሚው?"

ሰኪና ሳቅ አለች።

"ጋሽ ይበልጣል፣ መጻፍ ስለማይወዱ ዋጋውን በድምፅ ነው የሚልኩልኝ። ጠዋት ጠዋት 'ገብስ ወድቋል' ሲሉ እሰማዎታለሁ። እስቲ ገበሬ ከሆኑ፣ እርስዎ በዚያ ዋጋ ይሸጣሉ?"