የግራ ትከሻ

ስቶያንካ አቅፋው ስታለቅስ ራዶስላቭ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ አለ። ራሷን የጣለችው በግራ ትከሻው ላይ ነበር።

"ምነው?" አለችው።

"ምንም፣ እትዬ።"

ምንም ሳይሆን ነው ታዲያ ፊቱ እንዲህ የገረጣው? ልጇ ሚሌን በመኪና አደጋ ከሞተ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በስኳር የታሸውን የስንዴ ንፍሮ እየቀመሰ ነፍሱን ይማር ይላል፤ ዞር ሲል ደግሞ ጠጥቶ እየነዳ ጓደኛውን ሊያስፈጅ ነበር ይላል። የማትሰማ መስሏቸው! ሚሌን ነበር የሚነዳው ብሎ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው አብሮት የነበረው ጓደኛው፣ ይኸው ራዶስላቭ ነው። ሰው ሲደርስ ሁለቱም ከመኪናው ውጭ ስለነበሩ የሚያስተባብል አልተገኘም።

ስቶያንካ ግን ሃያ ዓመት በመንደሩ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጣለች። በሾፌር ግራ ትከሻ፣ ከጎኑ በተቀመጠው ደግሞ በቀኙ ቀበቶ እንደሚያልፍ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ከሦስት ዓመት በፊት ተሳፋሪ አነሰ ተብሎ መስመሩ ሲቀር፣ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ አሮጌ መኪና ገዛ። ሚሌንም ገዛ። በአደጋው ቀን ወደሚሠራበት ፋብሪካ ሲወጣ ቀስ ብለህ ንዳ ብትለው፣ "አውቶቡስሽን መልሺልኝና መንዳቱን እተወዋለሁ" ብሎ ስቆባት ነበር።

ራዶስላቭን ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ሸሚዝህን ክፈት።"

"እትዬ ስቶያንካ፣ እባክዎ..."

"ክፈት ብያለሁ።"

ከግራ ትከሻው እስከ ሆዱ ድረስ የጠቆረ ሰንበር ተጋድሟል።

"አንተ ነበርክ የምትነዳው።"

ልጁ ተንሰቀሰቀ። ከሥራ በኋላ የአንዱን ልደት ሲያከብሩ ሚሌን አንድ ብርጭቆ መጠጣቱን፣ እሱ ራሱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ መሆኑን፣ ኩርባው ላይ በፍጥነት መግባቱን ተናዘዘ።

"ቁልፉን ማን ሰጠህ?"

"እሱ። 'እኔ ጠጥቻለሁ፣ አንተ ንዳ' አለኝ።"

ስቶያንካ ልጁን ጠላችው። ልጇ ጥፋተኛ አለመሆኑ ደግሞ እፎይ አሰኛት፤ እፎይታው ራሱ አንገበገባት።

"ነገ ጠዋት ይህንኑ ለፖሊስ ትናገራለህ። አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው።

"በምን እንሄዳለን?"

"በእግራችን።"

ከዚያ ሚሌን ትምህርት ቤት ሲሄድ ታደርግለት እንደነበረው፣ የሸሚዙን ቁልፍ ከታች ጀምራ ትቆልፍለት ጀመር። ቁስሉ እንዳይነካበት ሸሚዙን በግራ በኩል በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር።