የወልደአረጋይ ጦስኝ

ወልደአረጋይ እንደማይድን ካወቀ በኋላ ያሳሰበው ግቢው ነበር። ይገርማል መቼም! ሐኪሞቹ ኩላሊቱ እንዳበቃለት ነግረው ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤቱ ሲመልሱት፣ የሚስቱ የወለተሐና ጉልበት ትዝ አለው። አንዴ ካጎነበሰች ቀና ማለት ስለሚያቅታት ግቢው ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ስለዚህ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አንኮበር ሰው ልኮ ከተራራው ጦስኝ ከነሥሩ አስመጣ። ጥቂት እየተከለ፣ ጥቂት ድንጋይ ላይ እያረፈ፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ አዳረሰው።

«አንዴ መሬቱን ከያዘ ውሃ አይልሽ፣ ኩትኮታ አይልሽ» አላት። «እስኪጠና ብቻ እንዳይረገጥ። እኔ ባልኖር እሱ ይኖርልሻል።»

ከዚያ ወዲያ ወለተሐና ለዚያ ጦስኝ ያልሆነችው የለም። ዶሮዎቿን ሸጠች። የመጣውን እንግዳ ሁሉ በአጥሩ ጥግ ዙሩ እያለች ታስቸግር ጀመር። ጎረቤቶቿ አሾፉባት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች! ባሏ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ጦስኙ እርስ በርሱ ተያይዞ መሬቱን መሸፈን ጀምሮ ነበር።

ጥቅምት ላይ ወልደአረጋይ አረፈ። እሷ አስከሬኑን ተከትላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከእድሩ ሰዎች ጥቂቶቹ ድንኳን ሊተክሉ ግቢው ቀሩ። ከቀብር መልስ ደግፈው ፍራሽ ላይ አስቀመጧት፤ ምንጣፍ ስለተነጠፈ መሬቱን አላየችም። እህል አልወርድ አላት። ጎረቤቷ ሥርጉት እየለመነች የምታጠጣት የጦስኝ ሻይ ብቻ ጉሮሮዋን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ግቢው በዶማ ተፍቆ፣ መላጣ ሆኖ ጠበቃት። ወለተሐና ክው አለች። ጦስኙ የት ደረሰ ብላ የእድሩን ዳኛ ኃይለኢየሱስን ጠየቀችው።

«ወንበሩ አልቆም ቢለን ደለደልነው፣ እትዬ» አላት፣ ዓይኑ በለቅሶ እንዳበጠ። «ጦስኙ እንኳ አልባከነም። ለለቀስተኛው ሻይ ሆነ።»

ሥሩንስ አለችው። ከአፈሩ ጋር ወንዝ መድፋታቸውን ነገራት።

ምን ትበለው? ባሏን ተሸክሞ የቀበረላት፣ በዚያ ውርጭ ድንኳን ውስጥ ያደረላት ሰው ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ያን ሻይ ሥርጉት ስትሰጣት እሷው ራሷ ደህና ጦስኝ ነው ብላ፣ ድገሚኝ ብላ ነበር።