ታማሚው አንድ፣ ታካሚው አራት

ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሬዲዮ ነው የሚሏት። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ትምህርት ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምታወራው ወሬ በሙሉ ተጠቅልሎ ቤት ገባና ቤተሰቡ አበሳውን አየ። አባቷ አንዴ "የዚች ልጅ ባትሪ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" ብሏል።

እና ይቺን ልጅ ነው የወንድሟ ሐኪም ዝም በይ ያሏት።

ነገሩ የመጣው በወንድሟ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምትለው፣ በስድስት ዓመት ይበልጣታል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ነው ትበል ነበር ትበል እሷም አታውቅም። ከሦስት ወር በፊት የአንድ ደንበኛ ፀጉር ግማሹን ቆርጦ ማሽኑን አስቀመጠ፣ ወደ ቤት መጣ፣ ተኛ። በቃ። የሰውየውን ቀሪ ፀጉር የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቆርጦ ጨረሰው አሉ። ወንድሟን ሁለት ሐኪሞች አዩት፤ ሁለቱም ድባቴ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተው በአምስት ደቂቃ ሸኙት። ሦስተኛዋ ግን ኪኒኑን ካስተካከሉ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ይምጣልኝ አሉ። አባቷ አውቶብስ ነጂ ነው፣ ፈረቃ ቀይሩልኝ ብሎ ለመነና መጣ። እናቷም ከልብስ ስፌቷ ተነስታ፣ አንገቷ ላይ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ መጣች።

ሐኪሟ ለሁለት ሰዓት ጠየቋቸው። ማዕድ ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል፣ ጠዋት ማን ይቀድማል፣ እሱ ከሥራ ሲመጣ በር የሚከፍትለት ማን ነበር። ይሄ ሁሉ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው ብላ ሬዲዮ ግራ ገባት። ከዛ ወደ ወንድሟ ዞረው እንቅልፍስ እንዴት ነው ሲሉት፣ ከአራት ሰዓት በላይ አይተኛም አለች እሷ። ምግብስ ሲሉት፣ ግማሹን ትቶ ነው የሚነሳው አለች። ከሰው ጋርስ ሲሉ አፏን ስትከፍት ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"የሚተኛው እሱ፣ የምትመልሺው አንቺ ነሽ እንዴ?"

አባቷ ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ እሷ ስለራሷ አሁን ገና የሰማችውን ቤቱ ለካ ድሮ ያውቀዋል።

ከዛ ለየብቻ አስገቧቸው። ለእያንዳንዱ የራሱን ትእዛዝ ሰጡ፣ ደግሞ እርስ በርስ እንዳትነጋገሩ አሉ፤ ካወቃችሁ አንዳችሁ የሌላው ዘበኛ ትሆናላችሁ። የሬዲዮ አጭር ነበር። ለሁለት ሳምንት በሱ ፋንታ እንዳትመልሺ፤ የጠየቀ ሁሉ እሱን ይጠይቅ። ሲወጡ አባቷ "ታማሚው አንድ፣ ታካሚው አራት" ብሎ ቀለደ። እናቷ አልሳቀችም።

ከዛ በኋላ ቤቱ እጅ እግር የሌለው ነገር ሆነ። አባቷ ድሮ በየጠዋቱ የወንድሟን በር እየደበደበ ተነስ እንጂ ወንድ ልጅ እኮ ነህ የሚል ሰው፣ አሁን ወንበር ይዞ ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንድ ብርቱካን ይልጣል፣ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን ትቶ ይወጣል። ትንፍሽ አይልም። እናቷ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ከልጇ በር ያልተነሳች ሴትዮ፣ ከምሳ በኋላ ጫማዋን አድርጋ ብን ትላለች። ሬዲዮ አንድ ቀን ተከተለቻት። እናቷ አውቶብስ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አውቶብስ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አትሳፈርም። ሰዓቷን ታያለች። ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ብድግ ብላ ወደ ቤት ሄደች።

እናቷም ታመመች ማለት ነው? ማታ ቀረብ ብላ የት ሄደሽ ነበር ስትላት፣ ተይኝ እስቲ፣ ዶክተሯ ይጣሉኛል አለቻት። ወንድሟም አለ። በየቀኑ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ይሄ ትእዛዝ ነው በሽታ? ማን ይንገራት። የታዘዘውና የታመመው ተቀላቀለባት።

ከሁሉ የባሰው ግን የወንበሩ ጉዳይ ነው። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ወንድሟ የሚሠራበትን ወንበር ባዶውን ይዞለታል። ሐኪሟ ጋ ከመሄዳቸው በፊት በየሳምንቱ በሷ ስልክ ይደውል ነበር፣ እሷም ሰኞ ይመጣል ትለው ነበር። አራት ሰኞ አለፈ። በዚህ ሳምንት ግን ሰውየው ደውሎ እኔም ቤተሰብ አለኝ የኔ ልጅ፣ እስከ ቅዳሜ ካላወቅሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አላት። ያ ወንበር ከሄደ ወንድሟ ከዛ ክፍል የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም፤ እሷ እንደዛ ነው የምታምነው።

ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ ይዛው ወደ ክፍሉ ሮጠች። አባቷ ብርቱካኑን ይዞ ተቀምጧል፣ እናቷ አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

"እህ የኔ ልጅ፣ ሰኞ ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

ወንድሟ እንደለመደው እሷን አየ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ይመጣል፣ አንድ ቃል። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውየው ሃሎ ይላል፣ ተቋረጠ እንዴ ይላል። እናቷ ንገሪው እንጂ በሚል ዓይን አፈጠጠችባት።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ ወንድሟ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። "ወንበሩን ለሰው ይስጡት።"

"እህትህ እኮ ይመጣል እያለች..."

"እሷ ናት ያለችው።"

ካፍ የወጣ አፋፍ። ስልኩ ተዘጋ። እናቷ ሦስት ወር የጠበቅነውን በአንድ አፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ደግሞ ዓይኑ በርቶ፣ ሴትዮ ምን ነካሽ፣ ልጁ ተናገረ እኮ ይላል። በሹክሹክታ ተጣሉ። ሬዲዮ ከማን ጋር እንደምትሆን አጣች። ደስ ይበላት? ታልቅስ? ዝም ባትል ኖሮ ወንበሩ ይኖር ነበር። ደግሞ ማን ሊቀመጥ ነው የሚኖረው?

ኮሪደር ወጥታ ለሐኪሟ ደወለች። እርስዎ ነዎት ወይ ወንበሩን ልቀቅ ያሉት ብላ ጠየቀች። እሳቸው አይደሉም። ታዲያ በሽታው ነው? እሱንም ገና አላውቅም አሉ። ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም፣ ይብሱን ተናደደች።

"ታዲያ ማነው የሚያውቀው?"

"ጠይቀሽዋል?"

አልጠየቀችውም። ሦስት ወር ሙሉ ስለሱ ለሰው ሁሉ ስትናገር፣ እሱን አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ተመለሰች። ወላጆቿ ጠባቸውን ይዘው ሳሎን ሄደዋል። አባቷ በተወው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ለምን ተውከው?"

ደክሞህ ነው፣ ሰልችቶህ ነው፣ እኛን ፈርተህ ነው እያለች መልሱን መምረጥ ጀምራ ነበር፤ በሆዷ ብቻ። ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ወንድሟ የብርቱካኑን ግማሽ አንስቶ አገላበጠው።

"ነገ ጠይቂኝ" አለ።

"ስንት ሰዓት?"

ወደ ጣሪያው አየ፤ እያሰበ ይሁን እየረሳ አልገባትም።

"ከምሳ በኋላ።"

ጠዋት አይሻልም ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።