አረንጓዴው የጠረጴዛ ልብስ

የልጅ ልጄ ሄዘር ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ብቻዋን ልትነዳ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቅዳሜ ለሻይ ስትመጣ «ተይው፣ የቢሮ ሥራ ፈልጊ» ልላት ቆርጬ ነበር።

እሷ ግን ኮምፒውተሯን ታቅፋ ገባች።

«አያቴ፣ ነይ ተቀመጪ። አያቴ ዊልፍ ሲነዳ ጓደኛው ያነሳውን ፊልም አገኘሁ። ከሾፌሩ ክፍል ሆኖ የቀረጸው፣ ሐዲዱ ሳይታደስ።»

ባሌ ዊልፍ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት የነዳው ሄዘር በምትነዳበት በዚሁ መስመር ነው። እኔ መስመሩን በጎን መስኮት እንጂ ከፊት አይቼው አላውቅም። በፊልሙ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለ፣ ረጅም አጥር የለ፤ የእንጆሪው ቁጥቋጦ ሐዲዱ ድረስ ወርዷል። ባቡሩን «እለፍ»፣ «ቁም» የሚሉት የእንጨት ክንድ ያላቸው ምልክቶች ከፍ ዝቅ ይላሉ።

«ውይ፣ ሃሮልድ! ምልክት ጠባቂው! አሁንም ቲማቲሙን ያጠጣል፣ ሥራ ፈት!» አልኩ።

«ዝም በይ እንጂ፣ ቤትሽ እየደረሰ ነው።»

የሐዲድ ዳር ሴት ቀይ ልብስ አታሰጣም። እኔ ሞኟ በሙሽርነቴ ቀይ ብርድ ልብስ አስጥቼ፣ ዊልፍ የአደጋ ምልክት መስሎት መንገደኛ የሞላ ባቡር ጓሯችን ላይ አቆመ። መንደሩ «ባሏ ለምሳ ሲዘገይ ባቡር የምታስቆመዋ» እያለ ዓመት ሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ቤት ሰላም ከሆነ አረንጓዴ የጠረጴዛ ልብስ እሰቅል ጀመር፤ እሱም ሲያልፍ አይቶ የባቡሩን ፊሽካ ሁለቴ ያስጮኽ ነበር። ይህ ሁሉ የእኔን ስጋት ለማብረድ ይመስለኝ ነበር።

በፊልሙ ጓሮዬ ብቅ አለ። ገመዱ ላይ አንሶላ ብቻ ነው።

«የታለ ጨርቋ?» አለ የዊልፍ ድምፅ። «የታለ? ምን ሆና ነው?»

«ረጋ በል እንጂ» አለው ጓደኛው።

ነፋሱ አንሶላውን ሲገልጠው ከኋላው አረንጓዴው ታየ። «አለ! ተመስገን።» ፊሽካው ሁለቴ ጮኸ።

«እሱም ይሰጋ ኖሯል?» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«እኔስ?» አለች ሄዘር። «ሰኞ ስነዳ፣ አያቴ ደረጃው ላይ ወድቃ ይሆን እያልኩ ነው የማልፈው።»

ልላት ያሰብኩትን ከሻይዬ ጋር ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ አጥር እንዳይከልለው ጨርቁን ከፎቁ መስኮት በአራት መቆንጠጫ ሰቀልኩት። ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ ሽው ብሎ አለፈ። ዛሬ ዛሬ ፊሽካ ያለ ምክንያት ማስጮኽ ክልክል ነው አሉ። ልቤ እስከ ማታ አላረፈም።

ማታ ደወለች። «አያቴ፣ ጨርቁ ላይ የሻይ እድፍ አለ።»

«በዚያ ሩጫ እንዴት አየሽው?»

«እድፉን አላየሁም፤ አንቺን ስለማውቅ ነው። አረንጓዴውን ግን አየሁት።»

«አጥበዋለሁ» አልኳት። «ነገስ በስንት ሰዓት ታልፊያለሽ?»