ፍም ያለበት አመድ

«አመዱን ማን ነው የዛቀው?»

ረኔ ይህን ስትጠይቅ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ላቮን ግን ወደ ጢሱ ዞረች። ፊት ለፊታቸው የማገዶው ክምር ግማሹ ከስሎ ይጤሳል። የእጅ ጋሪው ጎማ ቀልጦ መሬቱ ላይ ተጣብቋል፤ በአጠገቡ ያሉት ጥዶችም የታች ቅርንጫፎቻቸው ተለብልበዋል። እሳቱን ያጠፉት በየድንኳናቸው ያደሩት እንግዶች ነበሩ። አንዱ ባልዲ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ ደግሞ የቢራ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ከነበረዶው ተሸክሞ ሮጦ መጥቶ ነው። የተጎዳ ሰው የለም። ነፋስ አልነበረም። ነፋስ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ላቮን ልታስበው አልደፈረችም።

ረኔ የዚህ የድንኳን ማረፊያ ፓርክ ኃላፊ ናት፤ ዕድሜዋ ከላቮን ልጅ ከማርላ አይበልጥም። ጥያቄውን አልደገመችውም፤ መልሱን ብቻ ትጠብቃለች። ላቮን ደግሞ መልሱን ታውቃለች።

ላቮንና ባሏ ኤልደን በዚህ በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ሐይቅ ዳር በጋውን ሲያሳልፉ ዘጠነኛ ዓመታቸው ነው። እሱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሷ የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ስፖካን ከተማ የነበረውን ቤታቸውን ሸጡና አልጋም ምድጃም መታጠቢያም ያለው ትልቅ መኪና ገዙ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳሉ፤ ሲሞቅ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ፓርኩ ደመወዝ አይከፍላቸውም። መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ፣ መብራትና ውሃ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም በምትኩ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ላቮን እንግዶችን ትቀበላለች፣ መጸዳጃ ቤቶቹን ታጥባለች። ኤልደን ማገዶውን ይጠብቃል፤ እንግዳ ተነሥቶ ሲሄድም በየድንኳኑ ፊት ካለው ክብ የብረት ምድጃ ውስጥ አመዱን ዝቆ ያወጣል።

በአመድ ነገር ኤልደንን የሚያህል ጥንቁቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ውሃ ያፈስበታል፤ በአካፋ ያማስለዋል፤ እንደገና ያፈስበታል። ከዚያ በርከክ ብሎ የእጁን ጀርባ አመዱ ላይ ያሳርፋል። እጁ ሙቀት ከተሰማው አይነካውም። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር አብሮት ተንበርክኮ፣ እጁን ይዞ ያስተምረው ነበር።

እሳቱ በተነሣበት ዕለት ጠዋት ግን ላቮን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ሆና ስታየው ውሃም አላፈሰሰ፣ እጁንም አላሳረፈ። እያፏጨ ዛቀና ጋሪውን ገፍቶ ከማገዶው ክምር ጋር አስጠግቶ አቆመው። መቼም ቀደም ብሎ አፍስሶበት ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። ከጸደይ ጀምሮ ራሷን ስታታልል ነው የከረመችው። አንድ ቀን የውሃውን ቱቦ ይዞ ከመኪናው ጎን ቆሞ የት እንደሚሰካ ጠየቃት። ሌላ ቀን ድንኳኖቹን ዞሮ ሲመለስ የራሳቸውን መኪና አልፎት ሄደ፤ ስትጠራው ሳቀና፣ «ልፈትንሽ ብዬ ነው» አላት። ደክሞት ነው አለች። ሙቀቱ ነው አለች። ሥራውን እየተከተለች በስውር ታርምለት ጀመር። በዚያ ጠዋት መጸዳጃ ቤቱ ስለሞላባት ነው ያልተከተለችው።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ኤልደንን ወገቡን ስላመመው እኔ ዛቅሁት። ውሃ ማፍሰሱን ረሳሁ።»

ረኔ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ከዚያ፣ እውነት እሷ ከሆነች ማስጠንቀቂያ ጽፋ እንደምታልፈው፣ ሰው ይሳሳታልና እንደማትፈርድባት ነገረቻት። እሱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሥራውን ማቆም ይኖርበታል አለች። ረኔም ሰሞኑን ከኤልደን አንዳንድ ነገር እያየች ነበር።

«እኔ ነኝ አልኩሽ» አለች ላቮን።

ኤልደን የደረሰው ይህን ስትል ነው። የበጎ ፈቃደኞቹን አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ የተቃጠለውን ክምር አየ፤ ጋሪውን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የዛቅሁት» አለች ቀስ ብላ። ዓይን ዓይኑን እያየች ትዝ እንዲለው ጠበቀች። ትዝ እንዳይለውም ፈራች።

«ለስንቱ መንገደኛ ተንበርክኬ ሳስተምር እያየሽ? የእጅሽን ጀርባ ማሳረፍ ይህን ያህል ከበደሽ?»

ፊቱ ላይ ማስመሰል አልነበረም። ከልቡ አምኗታል። ወደ ረኔ ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከእንግዲህ ሚስቱ አካፋ እንደማትነካ፣ አመዱን እሱ ብቻ እንደሚይዘው ቃል ገባ። ባልዲ ይዘው ለቆሙት እንግዶችም፣ «እራት ማሳረሯን ለምጄው ነበር፤ አሁን ደግሞ ጫካ ማሳረር ጀመረች» አላቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ላቮንም አብራ ሳቀች።

ያዳነችው መስሏት ነበር። የሠራችው ስሕተት የገባት በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀድማ ተነሥታ አካፋውን ልትወስድ ስትሄድ ኤልደን አካፋውን አልጋው ሥር ከቶታል። ልትከተለው ስትነሣ በሩ ላይ ቆሞ መለሳት።

«የት ነው?»

«ልርዳህ ብዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የምትጠበቂው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ሂጂ መጸዳጃሽን እጠቢ።»

በዚያ ውሸት ፍሙን በእጁ አስይዛዋለች። ቀድሞ እየተከተለች ልታርምለት ትችል ነበር፤ አሁን ግን ገና ወደ ምድጃ ጠጋ ስትል ሰው እየሰማ ይገስጻታል። እንግዶቹም ወሬውን ሰምተዋልና እሷን እያዩ ይጠቃቀሳሉ። አንዲት ሴትማ ልጇን፣ «እሳቱን ያስነሡት እሳቸው ናቸው» ስትለው ሰማቻት።

አንዳንድ ቀን ኤልደን ሥራውን እንደ ድሮው ይሠራዋል። ላቮን ተደብቃ ሄዳ ጋሪው ውስጥ እጇን ስታስገባ አመዱ ርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ በመጠርጠሯ ታፍራለች፤ እንዲያውም ደስ ብሏት የሚወደውን ምሳ ትሠራለታለች።

በሳምንቱ መጨረሻ ነፋስ ተነሣ። ደረቁ የጥድ ቅጠል በየመንገዱ ይንከባለል ጀመር። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ አንድ ቤተሰብ ድንኳን ተክሎ፣ እናትየዋ ሕፃኗን በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣ ታጥባለች። ላቮን ፎጣ ልታቀብላት ጠጋ ስትል የኤልደንን ጋሪ ከድንኳኑ ገመድ ሥር ቆሞ አየችው። እሱ በአጠገቡ የለም። ፎጣውን ጣል አድርጋ የእጇን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጋች። ገና ሳትነካው ፈጃት።

ሳትናገር የሕፃኑን መታጠቢያ ውሃ ከሴትየዋ ፊት ቀምታ ደፋችበት። ሕፃኑን እናቱ ፈጥና ብድግ አድርጋ በአየር ላይ ይዛው ቀረች። አመዱ እየተንሿሿ ነጭ እንፋሎት ወጣው፤ ከሥሩ ቀይ ፍም ታየ።

ኤልደን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቀበቶውን እያጠበቀ መጣ። እንፋሎቱን ሲያይ ደነገጠ፤ እየሮጠ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«ይሄን ደግሞ መቼ ዛቅሽው?»

ሴትየዋ ሕፃኗን አቅፋ ሁለቱን በየተራ ታያቸዋለች። ኤልደን ሴትየዋን፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ፤ ሚስቴ ሰሞኑን ደህና አይደለችም» አላት።

ላቮን ከዚያ በቀጥታ ወደ ረኔ ቢሮ ሄደች። ሁሉንም ነገረቻት፤ የመጀመሪያውንም፣ የዛሬውንም፣ ከጸደይ ጀምሮ ያየችውንም። ረኔ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ወንበር ሳበችላት። ነገር ግን ኤልደን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሊሠራ እንደማይችል፣ እዚህ እስካለ ድረስም አካፋ ፍለጋ መዞሩ እንደማይቀር፣ ወደ ልጃቸው ቢሄድ እንደሚሻል ነገረቻት። ላቮን እዚያው ሆና ስፖካን ለምትኖረው ለማርላ ደወለች። ማርላ ስልኩ ላይ ጥቂት አለቀሰችና ነገ መጥታ ሁለቱንም እንደምትወስዳቸው ተናገረች። ትልቁን መኪና ላቮን ነድታው ስለማታውቅ የማርላ ባል ሌላ ጊዜ መጥቶ ይወስደዋል።

ለኤልደን የነገረችው ረኔ ናት። በጣም ተጠንቅቃ፣ ስላገለገላቸው ዓመታት እያመሰገነች ነው የነገረችው። ኤልደን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ ራስሽ እኔ ነኝ አላልሽም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው።»

«ለማን ብለሽ?»

«ላንተ ብዬ።»

ኤልደን አሰበ። ለማስታወስ ሲታገል ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ወጣ። ምንም አላገኘም።

«ታዲያ የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አላት።

ላቮን እውነቱን ነገረችው። እንደማያምናት ግን እየተናገረች ታውቅ ነበር።

ማርላ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ደረሰች። ሁለቱን ሻንጣዎች መኪናዋ ላይ ጫነች፤ የአባቷን መድኃኒትና ብርድ ልብስ ከኋላ አስቀመጠች። ኤልደን ሰደርያውን አላወልቅም ብሎ እንደለበሰው መጣ። የፊተኛውን በር ከፍቶ ሊገባ ሲል ላቮን ከኋላ ስትቀመጥ አያትና እግሩን መለሰ።

«እሷ ከገባች እኔ አልገባም።»

«አባዬ፣ እባክህ» አለች ማርላ።

«የራሷን ጥፋት እኔ ላይ ለጠፈች። በሸመገልኩበት ዕድሜ እሳት ለኳሽ አስባለችኝ። ከእሷ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልቀመጥም።»

ማርላ በመኪናው በር ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ ትንሽ እንድትታገሠው ለመነቻት። መንገድ ላይ ይረሳዋል አለቻት። ላቮንም ይረሳው ይሆናል ብላ አሰበች። ግን እስኪረሳው ድረስ እዚህ ቆመው ይውላሉ፤ ነፋሱ ከሐይቁ ማዶ መጀመሩ ይሰማል። ኤልደንም ማኩረፉን ትቶ፣ እንግዶቹ ትተውት በሄዱት ምድጃ ላይ ዓይኑን ጥሏል። እጁ የአካፋ እጀታ እንደያዘ ሰው ይንቀሳቀሳል።

ላቮን ከመኪናው ወረደች። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍታ የራሷን ሻንጣ አወጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«መድኃኒቱን ምግብ ሳይቀምስ እንዳትሰጪው» አለች ላቮን። «የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አታጥፊ፤ በጨለማ በሩን አያገኘውም። ቁርስ ላይ ዝም ካለሽ ዝም በይው። ምድጃሽ ጋ ብቻውን አይሁን።»

«አንቺስ?»

«መጀመሪያ እሱ ይግባ።»

ኤልደን ሻንጣውን መሬት ላይ ሲያይ ፊቱ ረገበ። ገባና ቀበቶውን ራሱ አሰረ። ማርላ እናቷን አቅፋ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሣች። ኤልደን ወደ ፊት ብቻ እያየ ነበር።

ኤልደን ከልጁ ጋር ወደ ስፖካን ሄደ። ላቮን ሐይቁ ዳር ቀረች።