በቤተ ይሁዳ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት የመሪጌታ እንዳላማው ወዳጅ አወቀ በአማኑኤል መንገድ ላይ ተገደለ። የገደሉት አርበኞች ናቸው። አወቀ ለጣሊያኖች ጸሐፊ ሆኖ ነበር።

ሁለቱ ቅኔ የተማሩት አንድ ደበሎ ለብሰው ነው። እንዳላማው በንዳድ በወደቀበት ክረምት አወቀ ለሁለት እየለመነ አብልቶታል። ጸሐፊ ከሆነ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ቢልክበት መሪጌታ አልሄደለትም።

የአወቀ ሚስት ወለላ ሐሙስ ዕለት ወደ መሪጌታ መጣች።

«የኔታ፣ እሑድ አርባው ነው። ቅኔ ይቀኙለት።»

«ሕዝቡ ምን ይላል?»

«ሕዝቡማ ለልቅሶም አልመጣልኝ። እርስዎ ግን ያውቁታል።»

እሺ አላት። መሪጌታ በወርቁ የታወቀ ሰው ነው፤ የሱን ቅኔ የሰማ ምሥጢሩን ሲፈታ ይሰነብታል። ይህን ግን ያለ ወርቅ ሊቀኘው ቆረጠ፤ ልቅሶ ብቻ እንዲሆን። ዳዊት ለዮናታን እንዳለቀሰ እኔም ለወንድሜ አለቅሳለሁ አለ። ዳዊት ከይሁዳ ነገድ ነውና መዝጊያውን «ዮም ኮነ ላሕ በቤተ ይሁዳ» አደረገው፤ ዛሬ በይሁዳ ቤት ልቅሶ ሆነ ማለት ነው። ሲጨርስ ራሱም አለቀሰ።

እሑድ ቅኔውን ሲያሰማ ከሊቃውንቱ አንዱ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ድረስ የሚባል፣ ልጁ ከአርበኞች ጋር ዱር የገባበት ገበሬ ትከሻውን ሳመው።

«አንጀቴን አራሱት የኔታ። ጌታውን የሸጠውን ይሁዳን በአርባው ቀበሩት።»

«የዳዊትን ነገድ ነው ያልኩት።»

«አዎን፣ ሰሙ እሱ ነው» አለ ድረስ ዝቅ ብሎ። «ገብቶናል።»

መሪጌታ ለሌሎቹም ማለላቸው። ባስረዳ ቁጥር የጣሊያንን ጆሮ ፈርቶ ነው እያሉ ጥንቃቄውን አደነቁለት።

ወደ ወለላ ቤት ሄደ። ዳሱ ውስጥ ሁለት ሦስት የኔ ቢጤዎች ብቻ ተቀምጠዋል። እሷ አልተነሣችለትም።

«ግዕዝ አላውቅም» አለች። «ግን ሰዎች ተረጎሙልኝ።»

«ወለላ፣ ወርቅ የለውም። በእመቤቴ እምልልሻለሁ።»

«ስንት ቃል እያለ?»

በእርግጥ ስንት ቃል ነበረ። ያን ቃል ለምን እንደመረጠ ሊያስታውስ ሞከረ፤ በመጣለት ጊዜ ደስ እንዳለው ብቻ ትዝ አለው። ከዚያ በኋላ ራሱንም ማመን አቃተው።

በሳምንቱ ቅኔው ሉማሜ ደረሰ። በየቅኔ ቤቱ የመሪጌታ እንዳላማው ወርቅ እየተባለ ይነገር ጀመር። ቅኔው አንዴ ከአፉ ወጥቷል፤ ሊመልሰው አልቻለም።

በግንቦት ወለላ ልጆቿን ይዛ ወደ ወገኖቿ ልትሄድ ተነሣች። መሪጌታ ሊሸኛት መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። አንገቷን ደፍታ አለፈችው፤ በቅሎዋን አላቆመችም።