ኮኮናቱ ሳይሞቅ

ሰገነት ቢላውን ውሃ አስነክታ ጄሎ የሚሉትን የረጋ አረንጓዴ ጣፋጭ ትቆርጣለች። የእያንዳንዱ ኩብ ጎን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል መሆን አለበት። ጠርዙ የተሸረፈ ካገኘች በጣቷ ለይታ ወደ ሌላ ሳህን ታደርገዋለች።

"እማ፣ ጀስት ዲዘርት እኮ ነው" አለ ልጇ ያቤጽ፣ የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ክራባቱን እያሰረ። "ማንም በማስመሪያ አይለካውም።"

"የማሪሴል እናት በዐይኗ ትለካዋለች። አንተ ደግሞ ከተሸረፈው አታንሳ፤ ቆጥሬዋለሁ።"

ያቤጽ የወሰዳትን አንዲት ኩብ አፉ ውስጥ ደብቆ ሳቀ።

ሰገነት ሃያ ሦስት ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስትመረምር ኖራለች። የያቤጽ ፊሊፒናዊት ፍቅረኛ ማሪሴል የላከችላት የአሠራር ዝርዝር ግን "ስኳር፣ እስኪበቃ" ይላል። ስለዚህ ሦስት ቅዳሜ ሞከረችው። የመጀመሪያው በተለመደው ጄላቲን ተሠርቶ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሟሸሸ። ለሁለተኛው ፊሊፒኖዎቹ ጉላማን የሚሉትን፣ ከባሕር ሣር የሚዘጋጀውን ዱቄት አበዛችበትና እንደ ላጲስ ደረቀ። ሦስተኛው ይኸው ነው።

ፓንዳን የተባለውን ረጅም ቅጠል ቋጥራ የቀቀለችው ማለዳ ነበር። ሽታው አሁንም ከቤቱ አልወጣም፤ ክዳኑ ገና የተነሳለት ሩዝ፣ ከዚያም ዝናብ የነካው ሣር ይመስላል። በክሬሰንት ታውኑ ሕንፃ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ መስኮት የሚገባው ብርሃን በጄሎው ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጥላ ጥሏል። ጥላው ይወዛወዛል። ሰገነት እያየችው ቆመች። ክፍሉ ቀስ ብሎ ውሃ የሞላ፣ እሷም ከሥሩ ሆና ወደ ላይ የምታይ መሰላት። ሰዓቷን ስታይ አሥር ደቂቃ አልፏል። ያለ ምክንያት አሥር ደቂቃ ያጠፋችበትን ቀን አታስታውስም።

ኩቦቹን፣ እንደ ክር የተፋቀውን ለጋ ኮኮናት፣ ክሬሙንና ስኳር ያለውን የቆርቆሮ ወተት ቀላቅላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው።

ዛሬ የሚሄዱት ማሪሴልን ለያቤጽ ሊጠይቁ ነው። በፊሊፒኖዎቹም ዘንድ የወንዱ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ሴቷ ቤት ይሄዳል፤ እንደ ሐበሻው ግን እናት ቤት አትቀርም፣ አብራ ትሄዳለች። የማሪሴል እናት ሉዝ ሐሳቧን ለልጇ አስቀድማ ነግራታለች። የማሪሴልን ታላቅ እህት ለልጃቸው የወሰዱት ሰዎች አንድም ቀን ሉዝ ቤት በልተው አያውቁም፤ እንደነሱ ያለ ዘመድ ሁለተኛ አትፈልግም። የያቤጽን ሰዎች ሳታይ እሺ አትልም።

የያቤጽ አባት ካረፈ አራት ዓመት ስለሆነው፣ ሽማግሌ የሚሆኑት የአባቱ ጓደኛ ጋሽ ሰይፉ ናቸው። መኪና ውስጥ ሰገነት የበረዶውን ሳጥን ጭኗ ላይ ይዛ ነገሩን አስረዳቻቸው።

"እዚያ ቤት መብላት አለብን፣ ጋሽዬ።"

"እንበላለን እንጂ። እኔ መቼ ምግብ ጠልቼ አውቃለሁ?" አሉ።

መቼ እንደሚበሉ አልጠየቀቻቸውም።

ባተርስትና ዊልሰን መንገዶች አካባቢ ካለው የሉዝ አፓርታማ ሲደርሱ ማሪሴል በሩን ከፍታ የጋሽ ሰይፉን እጅ ወደ ግንባሯ ወስዳ አስነካች። የእሷ አገር የአክብሮት ሰላምታ ነው። ሽማግሌው ደስ አላቸው።

"ጉልበት እንደ መሳም ነው" አሉ። "ጨዋ ልጅ።"

ሉዝ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። የሰገነትን ሳህን ከፍታ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ቅጠሉን ራስሽ ነሽ የቀቀልሽው? ከጠርሙስ የሚጨመረው አይደለም?"

"ራሴ ነኝ" አለች ሰገነት በእንግሊዝኛ።

ሉዝ አምስት ጎድጓዳ ሳህኖች አውጥታ ቀዳች። "ሳይሞቅ ብሉ። ተቀመጡ።"

ጋሽ ሰይፉ ኮታቸውን ቆልፈው ቀጥ አሉ።

"ያቤጽ፣ ተርጉምልኝ። የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም። እህል ውሃም አንቀምስም።"

"ጋሽ ሰይፉ፣ ፕሊስ፣ መጀመሪያ ብንቀመጥስ?"

"አባትህ እናትህን ሲያስጠይቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመናል።"

"አሁን ጉልበትዎን ያምዎታላ።"

"ይመመኝ። ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው።"

ያቤጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። የሉዝ ፊት ጠቆረ።

"ምግቤን አይበሉም ማለት ነው?"

"አይደለም፣ እማዬ። ለአክብሮት ነው" አለች ማሪሴል።

"እነዚያም እንዲሁ ነበር ያሉት።"

ሰገነት ሳህኖቹን አየች። የውጭ ጎናቸው አልቦታል። ክሬሙ እየሳሳ ከኩቦቹ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አረንጓዴው ከነጩ ሥር ብቅ ይላል፣ ከጭጋግ እንደሚወጣ ኮረብታ። ልክ ቅድም ወጥ ቤቷ ውስጥ እንደሆነው ድምፁ ሁሉ የራቃት መሰላት። ብትቀመጥ ጋሽ ሰይፉን ባዶ ሜዳ ላይ ጥላቸው መሄዷ ነው፤ ሟች ጓደኛቸውን ብለው የቆሙትን ሰው። ብትቆም ደግሞ ለሉዝ እንደነዚያ ሰዎች ይሆናሉ፤ እነዚያን አንድ ጊዜ አይታቸዋለች።

ሉዝ የትልቁን ሳህን ክዳን አነሳች። ልትከድነው ነው።

ሰገነት ወንበር ሳበች። እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ሁሉም ዞሩ። ተቀመጠች።

"ሰገነት" አሉ ጋሽ ሰይፉ ዝግ ብለው፣ "መልስ እኮ አልሰጡንም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽዬ። እርስዎ ይቁሙልኝ፤ እኔ ልብላ።"

ማንኪያዋን አንስታ ከክሬሙም ከኮኮናቱም ዛቀች። ጉንጯ ውስጥ ቀዝቃዛው ጣዕም እየተበተነ፣ አጠገቧ ያለውን ወንበር ለሉዝ ወደኋላ ሳበችላት።

"ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪ" አለቻት በእንግሊዝኛ። "የጎደለውን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።"